«2024 መች ደረሰና?» ያሉን ደንበኛችን

ባለፈው ሳምንት ከኢስሊ አንድ ወንድማችን ደውሎ «እናንተ ሆስቲንጋችሁን በፌስቡክና በቲክቶክ ነው የምትሸጡት ሲባል እሰማለሁ፤ እኔስ በርበሬና ሽሮዬን እንደዚያ ባደርግ ያዋጣኛል?» ብሎ ጠየቀን። በስልኩ የሆነ ነገር መለስንለት። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን መልሳችን ለራሳችንም አልጣመንም፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር የነገርነው። ስለዚህ የቀረውን እዚህ እንጽፈዋለን። ቀኖቹን በኢትዮጵያም በፈረንጅም የምንጽፈው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

እኛ ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው ላቪንግተን፣ ከጊታንጋ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ እዚህ ኤስኪው የሚሏት፣ አገር ቤት ሰርቪስ የምንላት ማለት ነው። ላቪንግተን ሲባል ብዙ ሰው ያደንቀናል። ግቢው የአከራያችን ነው፣ ዛፉም የአከራያችን ነው፣ ውሻውም እኛን ገና አልለመደንም። አትክልት የምንገዛው ከመንገዱ ማዶ ካዋንግዋሬ ነው። ሰፈሩ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ይሁን እንጂ፣ ድሮ የቅዱስ አውስቲን ሚሲዮን አባቶች ቡና ያለሙበት አካባቢ ነው። የቡና አገር ልጆች ሆነን የፈረንሳይ ቄሶች ቡና በተከሉበት ቀዬ የሰርቨር ቦታ እንቸረችራለን።

መጀመሪያ እንደ ብዙዎቻችሁ ነበርን። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ትንሽ በርበሬ በሞያሌ እያስመጣን እንሸጥ ነበር። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. (መጋቢት 2012 መጨረሻ) በኮሮና ምክንያት ወደ ናይሮቢ መግባትም መውጣትም ሲከለከል ዕቃችን መንገድ ላይ ቀረ። እገዳው እስከ ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ቆየ። ከሁለታችን አንዱ ኮምፒውተር ቤት ሠርቶ ስለነበር፣ ዕቃው እስኪደርስ ትዕዛዝ እንሰብስብ ብለን አንድ ድረ ገጽ ሠራን። ዕቃው ሲመጣ ግማሹ በርበሬ ሻግቶ ነበር። ድረ ገጹን ያዩ ሁለት ነጋዴዎች ግን «ለእኛም ሥሩልን» አሉ። እንዲህ እያለ ሥራችን ከበርበሬ ወደ ዌብ ሆስቲንግ ዞረ።

ሆስቲንግ ምን እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት ቀላል ነው። የራሳችን ሰርቨር የለንም። ጀርመን አገር ካለ ድርጅት ሰፊ ቦታ በጅምላ እንከራይና ቆራርጠን በችርቻሮ እናከራያለን፤ መጋዘን ይዞ ጥግ ጥጉን ለሌላ እንደሚሰጥ ሰው። ዶሜይን የምንለው ደግሞ የበሩ ስም ነው። መጋዘኑ ቢኖርም ስሙ ከበሩ ላይ ከወረደ ሰው አያገኛችሁም። ስሙ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይታደሳል። ይህን ያዙልን።

ማስታወቂያውን ስንጀምር ሁሉን በእንግሊዝኛ ለጠፍን። ሰማያዊ መብራት የሚያበሩ የሰርቨር መደርደሪያዎች ፎቶ ከኢንተርኔት አወረድን፤ «99.9 በመቶ አይቋረጥም፣ ቦታው ገደብ የለውም» ብለን ጻፍንበት። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ቢጠፋም ቃል አልፈረሰም ማለት እንደሆነ ያሰላነው በኋላ ነው። ገደብ የለውም ያልነው ደግሞ ልክ አልነበረም፤ እኛ ራሳችን የተከራየነው ቦታ ገደብ ነበረው። ሦስት ሺህ ሽልንግ ከፍለን ፌስቡክ ላይ አስተዋወቅነው። ላይክ ጎረፈ። የገዛ ግን አልነበረም።

ከዚያ በአማርኛ እንሞክር ተባባልን። «ሆስቲንግ» የሚለውን ቃል በንጹሕ አማርኛ ለመተርጎም ፈልገን «አስተማማኝ የማስተናገድ አገልግሎት እንሰጣለን» ብለን ለጠፍን። በማግስቱ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልን፦ «ሰላም፣ አስተናጋጅ ትፈልጋላችሁ? ሁለት ዓመት ሐርሊንግሃም ምግብ ቤት ሠርቻለሁ።» በዚያ ወር ከደረሱን መልእክቶች ሁሉ ከልብ የተጻፈው ይህ ብቻ ነበር። ይቅርታ ጠይቀን፣ ሰው የሚፈልግ ምግብ ቤት የሚያውቁ ዘመድ ጋር አገናኘናት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለን «ሆስቲንግ» እንላለን።

ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. (መስከረም 24 ቀን 2014) ሰኞ ማታ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ አንድ ላይ ጠፉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልነው በእኛ አቆጣጠር ነው። ስዋሂሊም እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ስለሚቆጥር ካዋንግዋሬ ያሉት አትክልት ሻጭ እማማና እኛ ሰዓት ላይ ተግባብተን አናውቅም ማለት አንችልም፤ በወርና በዓመት ነው የምንለያየው። ለማንኛውም፣ ስድስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ድርጅቱ በኋላ እንዳስረዳው፣ ለጥገና የተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ የራሱን ዋና መስመር ቆረጠው፤ ሰርቨሮቹ የት እንዳሉ ለዓለም የሚናገረው አድራሻም አብሮ ተነሣ። በዚያ ማታ ስንቱ ነጋዴ ስልኩን አጥፍቶ እንዳበራ፣ ስንቱም ካርድ እንደሞላ አስቡት።

በማግስቱ ጠዋት በአማርኛ ጻፍን፦ «ትናንት ማታ ሱቃችሁ ተዘግቶ ነበር። ቁልፉ ግን እናንተ ጋ አልነበረም።» ከዚያ ሥር፣ የፌስቡክ ገጽ የሰው ቤት መሆኑን፣ የራስ ድረ ገጽ ያለው ሰው ግን በዚያ ማታም ትዕዛዝ መቀበል ይችል እንደነበር ገለጽን። በዚያ ሳምንት ሰባት ሰው መጣ። ይህንን የጻፍነው ራሱ ፌስቡክ ላይ መሆኑ፣ እኛም ትናንት ማታ እንደማንኛውም ሰው ደንበኛ ማግኛ አጥተን ቁጭ ብለን እንደነበር፣ ያኔ ብዙም አላሳሰበን። ቢያሳስበን ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቲክቶክ ላይ ከሁለታችን ቀልድ የሚያውቀው መናገር ጀመረ። ብዙ ሰው ያየው «ዶሜይናችሁ በማን ስም ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ነጋዴ ድረ ገጹን ለአንድ ልጅ ከፍሎ ያሠራል፤ ልጁ ዶሜይኑን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፤ ከዚያ ልጁ ካናዳ ይሄዳል። ስሙ የሚታደስበት የይለፍ ቃልም ካናዳ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የተመዘገበበት ድርጅት ማን ነው፣ አካውንቱ በማን ኢሜይል ነው፣ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚያስችለውን ኮድ ማውጣት እችላለሁ ወይ? ከዚህ ቪዲዮ በኋላ የመጡት ሰዎች ሆስቲንግ ፈልገው አልነበረም፤ ስማቸውን ፍለጋ ነው የመጡት። ግን ቆዩ።

ሌላው የተማርነው፣ ድንበሩ ስልክ ውስጥም እንዳለ ነው። የናይሮቢ ደንበኛ ዋትስአፕ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ደንበኛ ቴሌግራም ላይ ነው። ሞያሌ ሁለቱንም ይዞ ይዞራል። እኛ ለአገር ቤት ሰዎች ብለን የቴሌግራም ቻናል ከፈትን፤ እያደር የዕድሳት ማስታወሻውም፣ ደረሰኙም፣ ቅሬታውም እዚያው ሆነ። የብዙዎቹን ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዝንም፤ የቴሌግራም ስማቸው ብቻ ነበረን።

በየካቲት 2015 (የካቲት 2023 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። እስከ ሐምሌ ነው የቆየው፣ አምስት ወር። ቪፒኤን የሚያውቅ በቪፒኤን ገባ፤ የማያውቅ ጠፋ። የራሳችሁ ቤት ይኑራችሁ ብለን ስንሰብክ የከረምን ሰዎች፣ ከደንበኞቻችን ግማሽ ያህሉን የምናገኝበት መንገድ አልነበረንም። የሁለት ሰዎች ዶሜይን በዚያ ጊዜ ውስጥ አለቀ፤ ከኪሳችን አደስንላቸው። ሲከፈት ገንዘቡን አንዱ ከፈለን፣ አንዱ ደግሞ «መቼ ጠየቃችሁኝና?» አለ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ትምህርት እንደወሰድን እናስብ ነበር። ቴሌግራሙ ሲከፈት ግን እፎይ ብለን ወደ ድሮው ተመለስን። አሁን የምንነግራችሁ ነገር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት ደንበኛ አሉን፣ እትዬ እንበላቸው። ኪሊማኒ ነው የሚኖሩት፣ እናታችን የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አሏቸው፤ የሀበሻ ቀሚስ አሠርተው ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ ጁባም ይልካሉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንደሚባለው ገበያቸው በጥር ነው። የዶሜይናቸው ጊዜ የሚያበቃው ጥር 1 ቀን 2016 ነበር፣ በፈረንጅ ጥር 10 ቀን 2024፣ ከገና ሦስት ቀን በኋላ። በኅዳር መጨረሻ በቴሌግራም እንዲህ ብለን ላክን፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የዶሜይንዎ ጊዜ በ10/01/2024 ያበቃል። እባክዎ ያድሱ።» ማንበባቸውን የሚያሳዩት ሁለቱ ጭረቶች መጡ። መልስ አልመጣም። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግመን ላክን፤ እንደገና ተነበበ፤ እንደገና ዝም። እኛም «ካልከፈሉ አልፈለጉትም ማለት ነው» አልን። ከላቪንግተን ኪሊማኒ በማታቱ ስንት ደቂቃ ነው? መደወልስ ስንት ሽልንግ ነው?

እዚህ ላይ ለማታውቁ፦ የዶትኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው ለሌላ አይሸጥም። አስመዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ድረስ በተለመደው ዋጋ እንዲታደስ ሊፈቅድ ይችላል፤ ቀጥሎ ከባድ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስሙ እንግዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ድረ ገጹና ኢሜይሉ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሊቆሙ ይችላሉ። የእትዬም ቆመ። እሳቸው በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነበሩ፤ ገጹ አልከፍት ሲላቸው ኔትወርክ ነው ብለው ተዉት። ትዕዛዝ የላኩላቸው ሰዎች ኢሜይል ግን ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሰውም ዘግተዋል ብሎ ወደ ሌላ ሄደ።

ጥር 7 ቀን ማታ፣ ለገና «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ከለጠፍነው ሥር እንዲህ ጻፉ፦ «ሌቦች ናችሁ። ገንዘቤን በልታችሁ በበዓል ሰሞን ሱቄን ዘጋችሁብኝ።» ናይሮቢ ያለው አበሻ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ አይተውታል።

ከሁለታችን አንዱ «እናጥፋው» አለ። አንዱ «ማጥፋት ጥፋተኛ ያስመስላል፣ ማስረጃ እናውጣ» አለ። ማስረጃ ያለው ረታ። የላክንላቸውን ማስታወሻ፣ ቀኑንና ሁለቱን ጭረቶች ፎቶ አንስተን ከጻፉት ሥር ለጠፍነው። «ሁለት ጊዜ አሳውቀናል፣ አንብበዋል» የሚል ጨመርንበት። ትክክል ነበርን፤ ያውም በደንብ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ አደላ። አንዱ «አሮጊቶች ቴክኖሎጂ ምን ያደርግላቸዋል» ብሎ ጻፈ፤ ሃያ ሰው ሳቀበት። ያንን አይተን አልከለከልንም። ዛሬ ስለዚህ ንግድ ስንናገር ከበርበሬውም ከተዘጋው ቴሌግራምም ይልቅ የሚያሳፍረን ይህ ነው።

ዶሜይኑን ያን ማታውኑ አደስነው፤ ገጹ በማግስቱ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን የእህታቸው ልጅ ደውላ «እትዬ መጥተዋል፣ ፊት ለፊት ኑና አስረዷቸው» አለችን። ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ተጣልተውን እንኳ ቡና አልነፈጉንም። ስኒው እስኪዞር ማንም ስለ ነገሩ አላነሣም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው መልእክታችንን ከፈቱና ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አደረጉ።

«ይህ ምን ይላል?»

«2024 ይላል፣ እትዬ።»

«ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። 2016። በእሳቸው ንባብ «መስከረም አሥር፣ 2024» ነው የሚለው። ስምንት ዓመት ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጊዜ። ለእህታቸው ልጅ «2024 መች ደረሰና ነው አሁን የሚያስታውሱኝ? ተባረኩ፣ ጠንቃቃ ልጆች ናቸው» ብለዋት ነበር። አልዋሹም፣ አልዘነጉም፣ ማንበብም አላቃታቸውም። በአማርኛ ጽፈንላቸው ቁጥሩን በፈረንጅ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ፎቶውን እዚያው ቤት ተቀምጠን አጠፋነው፤ በምትኩ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ጻፍን። የዓመቱን የሆስቲንግ ክፍያ እንመልስ ስንል ግን «የእናንተ አራት ሺህ ሽልንግ ለሸማኔዎቹ ከሰጠሁት ቀብድ ምኑን ይሸፍነዋል?» አሉ። አሥራ አራት ቀሚስ ተሠርቶ ባለቤት አጥቶ ነበር። ጥምቀት በሁለተኛው ቀን ነበር። ሦስቱን እኛ በየዘመዱ ደውለን ሸጥንላቸው፤ አሥራ አንዱ ለዳግማ ትንሣኤም ሳይሸጥ ቆየ። ስንወጣ በሩ ላይ «ስሜን ሳታነሡ ለሌላው ንገሩ፤ እንደ እኔ የሚታለል አይጠፋም» አሉን።

ነገርን። ቲክቶክ ላይ የአበሻና የፈረንጅ ግድግዳ ካሌንደር ጎን ለጎን ይዘን «2024 የማን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከሠራናቸው ሁሉ በብዙ እጥፍ የታየው እሱ ነው። ሰው እየጻፈ የራሱን ቀን አስመረመረን፤ ከገዛ ደንበኞቻችን መካከል ሦስቱ እንደ እትዬ የተረዱ ተገኙ። አዲስ ደንበኞችም በዚያ ቪዲዮ መጡ፤ ከማንኛውም ከፍለን ካስተዋወቅነው የበለጠ። በእትዬ ኪሳራ ማስታወቂያ ሠራን ማለት ነው፤ እሳቸው ፈቅደውልን ቢሆንም አንዳንዴ ይህ ይከነክነናል።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ የምንልከው «ጥር 1 ቀን 2016፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 10 ቀን 2024» ብለን ወሩን በፊደል ጽፈን ነው። የሁሉንም ስልክ ቁጥር ይዘናል፤ ያልታደሰ ካለ እንደውላለን። ግንቦት 4 ቀን 2016 (ሜይ 12 ቀን 2024)፣ የዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ኢኤኤስኤስዋይና ሲኮም የሚባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ፣ ገና ሰው ሳይጠይቀን ምን እንደሆነ በአማርኛ ጽፈን፣ በዋትስአፕም በቴሌግራምም በትነን፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ደወልንላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሰርቨራችሁ ሞተ» የሚል ስድብ ይወርድብን ነበር። ያን ቀን «አይዟችሁ» ነው ያሉን።

ለኢስሊው ወንድማችን እንግዲህ፦ ሽጥ። በርበሬህን እያስፈጨህ በስልክህ ቅረጽ፣ በራስህ አፍ ተናገር፣ የሰው ፎቶ አትበድር። የገዛህን ሰው ስልክ ቁጥር ግን በደብተር ያዝ። ክስ ከተጻፈብህ ደግሞ ከመመለስህ በፊት ሰውየው ቤት ሂድ።

እትዬ ዛሬም ደንበኛችን ናቸው። በታኅሣሥ 2017 መጀመሪያ ደወልንላቸው።

«ጊዜው የሚያበቃው ጥር 2 ነው፣ እትዬ።»

«በአበሻ ነው በፈረንጅ?»

«በአበሻ። ከገና በኋላ በሦስተኛው ቀን።»

«እንግዲያው ከገና በፊት ብቅ በሉና ቡና ጠጡ፤ ያኔ እከፍላችኋለሁ» አሉ። ሄድን፣ ጠጣን፣ ከፈሉ።

የጻፉት ክስ ግን እስካሁን ከዚያ የገና መልካም ምኞት ሥር አለ። አጥፉት ብለን አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም።